ያልተጠረገው አጉሊ መነጽር

ይህ የደረሰብኝ ካይሮ በስደት ስኖር፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የባሰ ነገር አይቻለሁ። ይሄኛው ግን በገዛ አፌ የሠራሁት ስለሆነ ይመስለኛል ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው።

ያደግኩት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ ስለዚህ ዐረብኛ አላስቸገረኝም። ካይሮ በገባሁ በዓመቱ ዶቂ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስደተኞችን በነጻ የሚያክም አንድ ትንሽ ክሊኒክ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። የምኖረው ፋይሰል ሰፈር፣ ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር ነበር። ጠዋት ማይክሮባስ ውስጥ ተጋፍቼ እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ሳመላልስ እውላለሁ። ቤት ስገባ ልጆቹ «እንዴት ዋልሽ?» ሲሉኝ መልስ መስጠት እንኳ ይታክተኝ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ የቆዳ ሐኪም ይመጣል። ዶክተር ማግዲ ይባላል፤ ወጣት፣ ጥድፊያ የሚወድ፣ ክፋት ግን የሌለበት ሰው ነው። ከውጭ አገር ያመጣት አንዲት መሣሪያ ነበረችው። እንደ እጅ ባትሪ የምትያዝ፣ ውስጧ መብራት ያለባት አጉሊ መነጽር ናት። ቆዳው ላይ ዘይት ጠብ ያደርግና መስታወቷን ጫን አድርጎ ለጥፎ፣ ዓይኑን አስጠግቶ ያያል። ሲጨርስ ወደ ጋዋኑ ኪስ ይመልሳታል። ቀጣዩ በሽተኛ ሲቀመጥ ያወጣታል። እኔም ወራት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ይህን ሳይ አንድም ቀን ምንም አልመሰለኝም።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ብዙነሽ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ የወሎ ሰው ናቸው። ሸይኽ ዛይድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ከገቡ አራት ወራቸው ነበር። ያችን ቀን ፈቃድ ለማግኘት ማዳማቸውን ሦስት ሳምንት ለምነዋል። ባታቸው ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ እየሰፋች ሄዳ አሳስባቸዋለች።

«ማርያም የሳመችኝ ናት እያልኩ ዝም ብያት ነበር» አሉኝ። «አሁን ግን ማሳከክ ጀመረች። እናቴ በእንዲህ ያለ ነገር ነው የሞተችው ይላሉ።»

ክፍሏ ጠባብ፣ ወረፋው ረጅም ስለነበረ ሁለት ሁለት ሰው ነበር የምናስገባው። ከእትዬ ብዙነሽ ፊት አንድ ሱዳናዊ ወጣት ተቀምጧል። አንገቱ በብጉንጅ ተሞልቷል፤ አንዱ ፈርጦ መግል ያዣል። ዶክተሩ ከብጉንጁ ጎን ያለ ጠቆር ያለ ነገር ሊያይ መነጽሯን አንገቱ ላይ ለጠፈ። አየ። መድኃኒት ጻፈለት። ከዚያ ወንበሩን ወደ እትዬ ብዙነሽ አዞረና ባታቸው ላይ ዘይት ጠብ አደረገ።

እትዬ ብዙነሽ እግራቸውን ሳብ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያችን ነገር ከልጁ ቁስል ላይ አንስቶ እኮ ነው ወደኔ የመጣው። ይጥረጋት በይው።»

ሰዓቱ ስምንት አልፏል፤ ምሳ አልበላሁም። ኮሪደሩ ላይ ገና አሥራ ምናምን ሰው ቆሟል። ይህን ብነግረው ዶክተሩ ይቆጣል፣ ወይም ቅር ይለዋል፤ እሱን ማባበል ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

«ቢትኡል ኤህ?» አለኝ፤ ምን ትላለች ማለቱ ነው።

«ሹክራን ትላለች» አልኩት፤ አመሰግናለሁ ትላለች ማለቴ ነው።

ወደ እሳቸው ዞሬ ደግሞ «ጠርጓታል እትዬ፣ አይስጉ» አልኳቸው።

እትዬ ብዙነሽ አዩኝ። እግራቸውን መልሰው ዘረጉ። ዶክተሩ መነጽሯን ለጥፎ ረዘም ላለ ጊዜ ካየ በኋላ ነጥቧ ክፉ እንደማትመስል፣ ግን ከወር በኋላ ተመልሰው እንዲያሳዩት ነገረኝ። አስተረጎምኩላቸው። ሄዱ። እኔም ቀጣዩን ጠራሁ፤ ነገሩን ማታውኑ ረሳሁት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ክሊኒኩ በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸው በትኩሳት ቀልቷል። ቀሚሳቸውን ከፍ ሲያደርጉ ባታቸው አብጦ አብረቅርቋል፤ በነጥቧ ዙሪያ መግል ቋጥሯል።

«ማዳም እያነከስኩ ስታየኝ ‹ኸላስ፣ በቃ› አለችኝ። ልጆቼ ላይ ይጋባል ብላ ከነሻንጣዬ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ» አሉ።

ደግፌ አስገባኋቸው። ዶክተር ማግዲ እግራቸውን ዳሰስ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ።

«አክካው ነበር ወይ? በያት» አለኝ። «የምትኖርበት ቦታስ ንጹሕ ነው?»

አስተረጎምኩ። ሁለተኛውን ጥያቄ ስናገር ድምፄ ወረደ።

እትዬ ብዙነሽ ቀና አሉ። «እኔ የሰው ሦስት መጸዳጃ ቤት በየቀኑ በበረኪና የማጥብ ሰው ነኝ። ይህን በይው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔ ብቻ እንዲህ አሉኝ፦ «ስትጨርሺ ደግሞ ያን ቀን ያላልሽውን በይው። ሹክራንን እኔም አውቃታለሁ ልጄ። እዚህ አገር መጀመሪያ ያወቅኳት ቃል እሷ ናት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ዶክተሩ መልሱን እየጠበቀ ያየኛል። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት፦ ያን ቀን እንዲጠርጋት እንደጠየቁት፣ እኔ ግን በራሴ ሥልጣን ‹ሹክራን ትላለች› ማለቴን፣ ለእሳቸውም ጠርጓታል ብዬ መዋሸቴን።

መጀመሪያ ተቆጣ። «ይሄ መርፌ አይደለም እኮ! ቆዳ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ የሚወጋው ነገር የለም!» አለ። እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ መሣሪያዋን አወጣና ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ብርሃኑ ላይ አዟዟራት። እኔም ከጀርባው አየሁ። የመስታወቷ ጠርዝ ዙሪያውን ግራጫ የዘይት እድፍ ይዟል፤ ከኪስ የተነሣ የጨርቅ ብናኝ ተጣብቆበታል።

ከዚያ ዶክተሩ ሁለት በእንጨት ጫፍ የተጠቀለሉ ጥጦች አመጣ። አንዱን በመስታወቷ ላይ፣ ሌላውን በእትዬ ብዙነሽ መግል ላይ አስነክቶ ለየብቻ አሸገና ወደ ላቦራቶሪ ላከ። እግራቸውን በጥቶ መግሉን አወጣ፤ ጠንካራ መድኃኒት አዘዘ። የሚያድሩበት ስላልነበራቸው ወደ ፋይሰል ይዣቸው ሄድኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ውጤቱ መጥቶ ነበር። ዶክተሩ በሩን ዘግቶ ለሁለታችን ተናገረ። ከመስታወቷም ከቁስሉም ላይ ባክቴሪያ በቅሏል፤ ዓይነቱም አንድ ነው። «ግን ይህ ተሕዋስ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም ይገኛል። ከእኔ መሣሪያ ነው የመጣው ብዬ መማል አልችልም። አይደለም ብዬም መማል አልችልም» አለ። ቀጥሎ ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞሮ «ማሌሽ» አለ።

ካይሮ የኖረ ያውቃል፤ ማሌሽ ይቅርታም ነው፣ ምንም አይደለምም ነው፣ ተይው ይለፍም ነው። በዚያን ቀን ግን ከራሴ ምንም ልጨምር አልፈለግኩም። «የቱን ማሌሽ ልበላቸው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ቀላ አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ ብሏል በያት። ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል።»

ነገርኳቸው። እትዬ ብዙነሽ ራሳቸውን ነቀነቁና «እግዜር ይማረው። ሌላውን እንዲህ እንዳያደርግ በይው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ የአልኮል ጠርሙስና ጥጥ ተቀመጠ። ጥድፊያው አልቀረም፤ ግን ሳይጠርግ አንድ ሰው ሲነካ አላየሁም።

እትዬ ብዙነሽ እኛ ዘንድ አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። እንዲቆጡኝ እጠብቅ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቤቱን ይጠርጋሉ፣ ከልጆቹ ጋር ይስቃሉ። አንድ ከሰዓት ሰገነት ላይ ልብስ ስናሰጣ አላስችል አለኝና «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን በጣም ደክሞኝ ነበር» አልኳቸው።

በእጃቸው የነበረውን አንሶላ ገመዱ ላይ አስተካክለው ዘረጉ።

«አይቼሻለሁ እኮ። ዓይንሽ ተከድኖ ነበር የምታወሪው» አሉ። «ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ልጄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ካንቺ ሌላ አፍ አልነበረኝም።»

ቁስሉ ደረቀ፤ ነጥቧም ክፉ እንዳልሆነች ተረጋገጠ። እሳቸውም ሌላ ቤት ሥራ አግኝተው ሄዱ። ባታቸው ላይ ግን የአምስት ሳንቲም ገንዘብ የሚያህል ጠባሳ ቀረ።

እኔ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አስተረጎምኩ። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም የባሰ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ነኝ፤ ሥራዬም ሌላ ነው። ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚሰማኝ ጸጸት ብቻ አይደለም፤ ያው የድሮው ድካም ተመልሶ ትከሻዬ ላይ ይቀመጣል። ከእትዬ ብዙነሽ ጋር ከተጠፋፋን ቆይተናል። ይህን የሚያነብ የሚያውቃቸው ሰው ካለ፣ እግራቸው ደህና መሆኑን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።