ያልተቀባው ቀለህ

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እናታችን ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ እኔንና ታናሽ እህቴን ሳራን ባሕር ማዶ በምንኖርበት በሬክስዴል ሰፈር ጎረቤታችን ለነበሩት ለእትዬ ጽጌ ትታን ትሄዳለች። እትዬ ጽጌ በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ሁለት ነገር ይወዳሉ፤ ተረት ማውራትና ዒላማ መተኮስ።

ጠመንጃቸው አሮጌ ስለነበር ጥይቱ ሱቅ አይገኝም፤ ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንታቸው ውስጥ እንደገና ያዘጋጁታል። እኛ እዚያ ካለን ባሩዱም ጠመንጃውም ተቆልፎበት፣ ባዶ ቀለህ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ያኔ የቀለሁ ናስ ከአምፖሉ ሥር እንደ ፍም እየጋለ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ሳራ በጨርቅ ትወለውላለች፣ እኔ ቅባት እቀባለሁ፣ እሳቸው የመጫኛ ማሽኑን እጀታ ሲጫኑ ቀለሁ «ዳይ» የሚሉት ጠባብ ብረት ውስጥ ገብቶ ልኩን ይዞ ይወጣል። በእያንዳንዱ ጭነት የተረቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አብሮ ይወጣል።

«ስስ አድርጊ፣ ግን ዙሪያውን ይዳረስ» ይሉኛል። «ቅባቱ ከበዛ የቀለሁን ትከሻ ይሰረጉደዋል፤ ከተረሳ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ነክሶ ይቀራል። እጀታው ከከበደ ደግሞ መታገል የለም፣ መቆም ነው!»

አንድ ቅዳሜ፣ ለማግስቱ ውድድር ጥቂት ቀለህ ሲቀረን፣ ተረቱ ጦፎ ነበር። ጦጣዋ የጠፋ ልጇን ፍለጋ የአንበሳ ዋሻ ገብታ፣ ልጇን አቅፋ በጣቷ ጫፍ ልትወጣ ስትል፣ የአንበሳው አንድ ዓይን ተከፈተ!

«ዴን ዋት? እትዬ፣ ከዚያስ?» አለች ሳራ ጨርቋን ጥላ።

እኔም ትንፋሼን ይዤ ቀለሁን ሳልቀባ አቀበልኳቸው። እጀታው መሃል ላይ አንገራገረ። ጫን አሉት። መልሰው ሊያወጡት ሲሉ ቋ! አለና የቀለሁ የግርጌ ጠርዝ ተገነጠለ፤ ቀሪው ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ለዚያ ጠመንጃ የሚሆን ሌላ ዳይ አልነበራቸውም። ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ውድድር ደግሞ ነገ ነው።

«እኔ ነኝ እትዬ፤ አልቀባሁትም። አንበሳውን ሳስብ ፎርጌት አደረግኩት።»

እትዬ ጽጌ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በሉ፣ ዛሬ ጥርስ ነቃዮች ነን!»

ዳዩን ፈትተው ጉይራ በሚሉት የብረት መቆንጠጫ አሰሩት፤ መሃሉ ያለውን ዘንግ አወጡ፤ መነጽር አደረጉና እኛን ወደ ደረጃው አራቁን። የቀለሁን ግርጌ በትራፓኖ መሰርሰሪያ በሱት፣ ለቀዳዳው የብሎን ጥርስ አወጡለት፣ ብሎን ከነሮንዴላ ቀለበቱ ከተቱበትና ቀለሁን ስቦ እንዲያወጣው በመፍቻ ያጠብቁ ጀመር። አንድ ዙር። ምንም። ሌላ ዙር። ብረቱ ሲጢጥ አለ። ሳራ ጆሮዋን ያዘች።

«ተነቃነቀ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሦስት ዙር ተጨማሪ፣ ከዚያ ቀለሁ ዱብ አለ! እኛ ዘለልን፣ ሳራ ደረጃው ላይ ጨፈረች፣ እትዬ ጽጌ እልል አሉ። ዳዩን ጠርገው አምፖል ሥር አገላብጠው ቢያዩት ጭረት እንኳ አልነካውም። የቀሩትን እኔ ቀባሁ፤ እያንዳንዱን ሁለቴ እያየሁ።

ወደ ላይ ስንወጣ ግን ትከሻዬን ያዙኝ። «አለመቀባትሽ እውነት ነው። ግን እጀታው ሲከብድ እጄ ነግሮኝ ነበር። ተረቱ ጣፍጦኝ ጫንኩት። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።»

በማግስቱ አራተኛ ወጡ፤ እንደ አሸናፊ እየሳቁ መጡ።

ዛሬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ወጣቶች በሥሬ ይሠራሉ። አንዱ ፊቱ ገርጥቶ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ሲመጣ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት የራሴን ድርሻ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ። ስነግረው ደግሞ ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አያለሁ።