ሸክላው ላይ ያልነበረችው ሴት

ዋሽንቱ አበቃ፤ ሴትዮዋ ግን አልመጣችም።

ለልጄ «ጠብቂ፣ አሁን ትገባለች» ብያት ነበር። ሲ.ኤም.ሲ ቤታችን ሳሎን ተቀምጠን፣ በጉርምስናዬ ያበድኩላቸውን የጣልያን ሮክ ባንድ አልበሞች ከስልኳ በስፒከር ታሰማኛለች። ኦርጋኑ ያው ነው፣ ከበሮውም ያው። ከዋሽንቱ በኋላ ግን ቃል የሌለው የሴት እንጉርጉሮ መከተል ነበረበት። የተከተለው ጊታር ነው። «መልሺው እስቲ» አልኳት። መለሰችው። አሁንም የለችም። ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ እኮ ያቺን ሴት አፍቅሬያት ነበር።

ያኔ የምንኖረው እንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ከጓሯችን በሚጀምርበት ቤት ነው። ጎረቤታችን የጣልያን መንገድ ሠሪዎች ሾፌር ነበር፤ አለቃው ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ሸክላና ማጫወቻ ትቶለት ሄደ። ለምኜ ለምኜ ለአንዲት ቅዳሜ አዋሰኝ። እናንተ ዛሬ በጣት ነካ አድርጋችሁ የምታገኙትን ሙዚቃ፣ እኛ የምንቀዳው ቴፑን ከማጫወቻው ፊት ደቅነን፣ ቤተሰቡን ሁሉ ከቤት አባረን ነበር። እህቶቼን አስወጣሁ። እናቴን ግን ማን ወንድ ያስወጣታል? ከመጋረጃው ጀርባ ምስሯን ትለቅማለች።

«እማዬ፣ በራጉኤል ይዤሻለሁ፣ ድምፅ እንዳታሰሚ!»

«እኔ ደግሞ ምን ድምፅ አለኝ? ይልቅ ይህን የጋኔን ጩኸትህን ቶሎ ጨርስልኝ።»

እውነቷን ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ስታንጎራጉር የሰማት የለም። ወር በባተ በአንደኛው ቀን እንጦጦ ራጉኤልን ለመሳለም ዳገቱን ስትወጣ እንኳ ጸሎቷን በከንፈሯ ብቻ ነበር የምታደርሰው። ለሙከራ ሙዚቃውን ሁለት ሦስቴ አጫወትኩት። ከዚያ መቅጃውን ተጫንኩና የራሴንም ትንፋሽ ስላላመንኩት ደጅ ወጥቼ ቆምኩ።

ሴትዮዋን የሰማኋት ማታ ካሴቱን ሳዳምጥ ነው፤ ቀን ስሞክር ሐሳቤ ቴፑ ላይ ስለነበር ያመለጠችኝ መሰለኝ። ዋሽንቱ እንዳበቃ ከሩቅ፣ ቀስ ብላ ትገባለች። ከሥሯ ጠቅ... ጠቅ የሚል ትንሽ የቆርቆሮ ድምፅ አለ፤ የማላውቀው የጣልያኖች መሣሪያ ነው አልኩ። ፀጉረ ረጅም፣ ዓይኗ ሐዘን ያለበት አድርጌ ሣልኳት። በማግስቱ ሸክላዎቹን ስመልስ ሽፋኑ ላይ ብፈልጋት አምስት ጢማም ወንዶች ብቻ ናቸው። ጎረቤታችን «ፎቶውን ያነሳችው እሷ ትሆናለቻ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ሞኙ አመንኩት።

ካሴቱን ከዕቃ ቤት ካርቶን ፈልጌ አወጣሁ፤ የግቢያችን ዘበኛ መዝሙር የሚሰሙበትን ቴፕ አዋሱኝ። ዋሽንቱ አበቃ። መጣች። ጠቅ... ጠቅ...

«ጠቅ ጠቅ የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ ልጄ።

«ጠጠር ነው» አልኳት ሳላስበው። «ከምስር የተለቀመ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ሲጣል።»

ከአፌ የወጣውን ራሴ ሰምቼ ደነገጥኩ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ የምወደውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ወድዳልኝ አታውቅም እያልኩ ስንት ዓመት አምቻታለሁ። ለቅሶዋ ላይ ሳይቀር ለእህቶቼ ብያቸዋለሁ። ከሞተች በኋላ ደግሞ ድምፅዋን የያዘ አንድ ነገር አልተረፈንም ብለን ስናዝን ኖርን። ለካ ያን ቅዳሜ እኔ ደጅ ቆሜ፣ እሷ ማንም አይሰማኝም ብላ ከጋኔኖቼ ጋር ስታንጎራጉር ነበር።

«አያቴ ናት?»

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ልጄ ተነሳች። ካሴቱን አጠንጥና መለሰችው፣ ስልኳን ከቴፑ ፊት ደቅና መቅጃውን ከፈተች፣ ጣቷንም ወደኔ ቀሰረች።

«አባዬ፣ ድምፅ እንዳታሰማ።»

ዋሽንቱ አበቃ። እናቴ ጀመረች። ከንፈሬን ነከስኩ፤ አልቻልኩም።

ልጄ ስልኳን አነሳች። «ለቅሶህ ገባ እኮ አባዬ። እንደገና ልቅዳው?»

«ተዪው» አልኳት።