ያጠፋሁት ጥበቃ

ከነጌሌ ቦረና ወደ ታች ባለች አንዲት የቆላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። መብራት በቀን ሦስት አራቴ ይሄዳል። በተመለሰ ቁጥር ስዊቹ፣ የየክፍሉ ኬብል የሚሰካበት ሳጥን፣ መስመሩን ወዲያው አይከፍትም። ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ጥበቃ አለው፤ የተላከ መልእክት ዞሮ የሚመለስበት መንገድ አለመኖሩን እስኪያረጋግጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ሠራተኛው ይጮህብኝ ነበር። ጥበቃው ሳይነካ ለኮምፒውተሮቹ ብቻ የመጠበቂያውን ጊዜ ማስቀረት ይቻላል። እኔ ግን ሰነፍኩና ጭራሽ አጠፋሁት። "እጅህ ይባረክ" ተባልኩ።

ካርድ ክፍል የሚሠሩትን ትልቅ ሴት ሁላችንም በኦሮምኛ "አዴ"፣ እናት፣ እያልን እንጠራቸዋለን። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቁኝ አያልፉም። አንድ ቀን ክፍላቸውን ሲያጸዱ መሬት የወደቀ የኬብል ጫፍ አዩ። የወለቀ መስሏቸው ግድግዳው ላይ ባለ ባዶ ቀዳዳ ሰኩት። ሌላኛው ጫፍ እዚያው ጎኑ ተሰክቶ ነበር።

የሚያግደው ጥበቃ ስለሌለ መልእክቱ እየዞረ እየተባዛ መስመሩን አነቀው፤ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ሁሉ ቆመ። ያን ሰዓት ከአሬሮ በኩል የመጣች፣ ወልዳ ደም አልቆም ያላት ሴት ማዋለጃ ክፍል ተኝታለች። የደም ዓይነቷን ውጤት አዋላጇ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች፤ የላቦራቶሪው ሰው ልኬዋለሁ ብሎ ወደ ሌላ ሥራ ዞሯል። በመጨረሻ አዋላጇ ራሷ ሮጣ በወረቀት አመጣችው። ደም ተሰጣት፤ አልተረፈችም።

"ቀድሞ ቢደርስም ላትተርፍ ትችል ነበር" አለ ዶክተሩ። ይሆናል።

የሆስፒታሉ አጣሪ ኮሚቴ ጠርቶ ኬብሉን ማን እንደሰካው ጠየቀኝ። "ካርድ ክፍል" አልኩ። ውሸት አልነበረም። ስለ ጥበቃው የጠየቀኝ ግን የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጥበቃውን መልሼ አበራሁት።

አዴ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ከዚያ በፊት፣ የሟቿ ባል አስከሬኑን ሊወስድ የመጣ ዕለት፣ እግሩ ሥር ወድቀው በኦሮምኛ ይቅርታ ለምነውት ነበር። እሱም አነሳቸው። እኔ በመስኮት አየሁ።

ጡረታ እስኪወጡ አልነገርኳቸውም። ከዚያ አልቻልኩም፤ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

"ያን ቀን አብረኸኝ ብትቆም ምን ነበር?" አሉኝ።

"ፈራሁ አዴ።"

"እኔስ አልፈራሁም? ሂድ፣ ለባልየው ንገረው።"

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት፤ "ያለቀ ጉዳይ ነው" ብሎ መለሰኝ። አሬሮ ሄጄ ባልየውን ከብት ገበያ አገኘሁት። ስነግረው ዓይኑን ከከብቶቹ አልነቀለም።

"እኚያን እናት ይቅር ብያለሁ" አለኝ። "ጥፋት ሳይኖርባቸው አስለመንካቸው። ላንተ የምለው የለኝም።"

በሬውን ነድቶ ሄደ። አልተከተልኩትም።