አያ ፈንታ «ሸጋ ነው» ያሏት ሞተር

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ሞተር ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩት አቶ ፈንታሁን፣ ሁላችንም አያ ፈንታ የምንላቸው፣ ባለፈው ሰኞ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ቀብራቸውም በዚያው ዕለት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስለሠራሁ መታሰቢያቸውን አንተ ጻፍ ተባልኩ። ጽፌዋለሁ፤ እንደጠበቃችሁት ግን አይደለም።

አያ ፈንታ አሮጌ ሞተር ይወዱ ነበር። መለዋወጫ የጠፋለትን ጥርስ ቶርኖ ቤት አስቀርጸው፣ የቀረውን በሞረድ ራሳቸው ይጨርሱታል። አንድ ጊዜ ከሩቁ መካነ ብርሃን ሞተሩን በአይሱዙ ጭኖ የመጣን የጤና ሠራተኛ አልጋቸውን ለቀውለት አራት ቀን አሳድረውታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሠራተኛቸው ሲሳሳት የሚያደርጉት ነው። ባለ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ትንፍሽ አይሉም። «ለዛሬ ይደር» ብለው ይሸኙታል። ሰው ሲሄድ «በል እጅህን አምጣ» ይሉኝና ስህተቴን በገዛ ጣቴ ያስነኩኛል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ «እኔን ሰው ፊት ሲያዋርዱኝ ነው ያደግሁት። አንተን አላደርግህም» አሉኝ።

ጆሯቸው መድከም የጀመረው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ከንፈሬን ያያሉ። ደንበኛው ግን አሁንም «አያ ፈንታ ይዩልኝ» ነው የሚለው። አርባ ዓመት ሞልቶኝ፣ ሥራውን ሁሉ እየሠራሁ፣ ሽማግሌው ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ቆሜ መጠበቅ አንገሸገሸኝ። አዘንኩላቸው ብል ውሸት ነው። ጋራዡን ለብቻዬ ፈለግሁት።

አምና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የአባቱን ሞተር አመጣ። አባትየው የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሳሉ ቆላውን ሁሉ የዞሩባት ናት። ፒስተኑንና ቫልቮቹን እኩል የሚያስኬደው ሰንሰለት ላልቷል፤ የሚዞርባቸውም ጥርሶች ተበልተዋል። አያ ፈንታ ሦስት ሳምንት ደከሙባት። አዲሱን ጥርስ ሞርደው ሲጨርሱ ሰንሰለቱን መግጠሙን ለእኔ ተዉልኝ። በሚገጠምበት ጊዜ ጥርሶቹ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች ልክ በልክ መተያየት አለባቸው። እኔ ሆን ብዬ አንድ ጥርስ አዛነፍሁት። ሞተሯ ትነሣለች፣ ግን ትታፈናለች፤ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ያውቃል።

መምህሩ ሊወስዳት ሲመጣ የጎረቤት ባለ ሱቆችንና የባጃጅ ሾፌሮችን ሰብስቤ ነበር። አስነሣኋት። አያ ፈንታ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን የጭስ ማውጫው አፍ ላይ አደረጉ። ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሸጋ ነው» አሉ ለመምህሩ። «ለዛሬ ግን ይደር፤ ነገ ትወስዳታለህ።»

ሃያ ዓመት የማውቀውን «ለዛሬ ይደር» ያን ዕለት ልብ አላልኩትም።

«ምኑ ነው ሸጋው?» ብዬ ጮህኩ። «ሰንሰለቱን አዛንፌ የገጠምኩት እኔ ነኝ! አያ ፈንታ ደንቁረዋል፤ እዩዋቸው!»

ሳቁ መንገዱን ሞላው። ይህን ከምታነቡት መካከል የሳቃችሁ አላችሁ፤ ፊታችሁን አልረሳሁም። እሳቸው መዳፋቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ፣ ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አወረዱና ወጡ። ተመልሰውም አልመጡም። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ መንገድ ላይ የቆመበት ሁሉ «ሸጋ ነው!» እየተባለ ይቀለድበታል፤ ቀልዱ ኮሶዬ ድረስ ደርሷል። እሳቸው ሲያልፉም ይህንኑ ትሏቸው ነበር። አይሰሙም ብላችሁ ነው። ከንፈር ማንበብ ያውቁ ነበር።

የቀብሩ ዕለት አስከሬኑን ለመሸከም ስጠጋ ባለቤታቸው ወይዘሮ የዝና ደረቴን ገፉኝ።

«አንተ አትሸከመውም» አሉኝ። «የዚያን ዕለት ቤት ገብቶ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹መዛነፉን መዳፌ አውቆት ነበር። ልጁ የተሳሳተ መስሎኝ፣ ሰው ፊት እንዳላሳፍረው ሸጋ ነው አልኩ› አለኝ።»

«ምነው ታዲያ ያኔውኑ ቢናገሩ?»

«ደንቆሮ ካልኸው በኋላ ማን ያምነዋል?»

ቀልዱን ያወራችሁ ሁሉ ይህንንም አውሩ። አያ ፈንታ እስከ መጨረሻው ሙያቸውን አልሳቱም።

አያ ፈንታ፣ ደህና ይሁኑ። ይቅር ይበሉኝ አልልም። ደጅዎ ከጋራዡ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ አልመጣሁም። አንቱ ስህተቴን ሁልጊዜ ሰው ሲሄድ ነበር የሚነግሩኝ። ስለዚህ ካህናቱም ለቀስተኛውም እስኪሄዱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ሰው ሁሉ ሄደ። መጥቼ እንደ ድሮው እጄን አመጣሁ፤ መቃብርዎ አፈር ላይ አደረግሁት። ምንም አላሉኝም።