ቅጠሉ ሳይደርቅ አትንቀዪው

ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ ለእኔና ለባለቤቴ ፒያሳ ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቀበሌው ሰጠን። እሱ አስተማሪ፣ እኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። የቤቷ ባለቤት የነበሩት ባልቴት፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ከአጥሩ ወዲያ በቀረችላቸው ቤት ይኖራሉ። ጠዋት ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም። በበራቸው ስገባና ስወጣ እኔንም ደስ አይለኝም ነበር።

በሚያዝያ ዝናቡ ጣል ጣል ሲል፣ በመስኮታችን ሥር ደማቅ ቀይ አበቦች ፈነዱ። ብዙም ሳይቆዩ ጠወለጉና ረጃጅም ቅጠላቸው ብቻ ቀረ። በዚያው ሰሞን ቀበሌው በየግቢው ጎመን እንዲተከል አዘዘ፤ ኮሚቴ እየዞረ ያያል ተባለ። ባለቤቴ ዶማ ተውሶ መጣ።

ሁለቱን ነቀልኩ። ከሥራቸው የቀይ ሽንኩርት ራስ የሚያክል ነገር ወጣ። ወደ ሦስተኛው ስዞር ከአጥሩ በላይ ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄ፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ አትንቀዪው!"

ባልቴቷ ናቸው። ከገባን ጀምሮ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

"አበባው አለቀ ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"አበባው ቢያልቅስ? ሥሩን የሚያበላው ቅጠሉ ነው። አሁን ከነቀልሽው ለከርሞ አያብብልሽም።"

"ኮሚቴውስ?"

"ጎመኑን በመሃል በመሃሉ ጣል ጣል አድርጊዋ!"

እንዳሉኝ አደረግሁ። ኮሚቴው ሲመጣ አንዱ ቅጠሉን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ "ይሄስ ምንድነው?" አለኝ። "ባሮ ሽንኩርት" አልኩት፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። አመስግኖኝ መዝግቦ ሄደ። ከአጥሩ ወዲያ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። አንድ ቅዳሜ እትዬ በራችን ላይ ቆመው፣ "ልግባ?" አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ያሠሩት ቤት ነው። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

ሥሩን አብረን ቆፍረን አወጣን። አፈሩን አራገፉ እንጂ አላጠቡትም፤ ውሃ ከነካው ይበሰብሳል አሉኝ። ከትልልቆቹ ጎን የበቀሉትን ትንንሾች እየገነጠሉ ለብቻ አኖሩ፤ የተገነጠለበትን አመድ ነሰነሱበት። ከዚያ ሁሉንም ጆንያ ላይ ጥላ ቦታ አሰጣን።

"ትልልቆቹን ይውሰዱ፣ የእርስዎ ናቸው" አልኳቸው።

"መስኮቱ ሥር ነው የሚያምሩት። እኔ ትንንሾቹ ይበቁኛል።"

"እነሱማ መቼ ያብባሉ?"

"ሁለት ሦስት ዓመት ቢፈጁ ነው" ብለው በነጠላቸው ቋጥረው ተነሡ።

መጋቢት ላይ የእኔን መልሼ ተከልኩ። ውሃ የሚያቁር ቦታ የተከልኳቸው ሦስቱ በሰበሱ፤ የቀሩት አበቡ። በዓመቱ ባለቤቴ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ቁልፉን ለቀበሌው አስረከብን። የእሳቸውን አበባ ሳላይ ሄድኩ። ስለ ቤቱም አንድ ቀን እንኳ አላነሣሁላቸውም፤ የወረስኩት እኔ አይደለሁም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ይቅርታ ብላቸው ምን ይጎድልብኝ ነበር?