አባቴ በቁማቸው የተለቀሰላቸው ቀን

የፊልም ሙዚቃ እሠራለሁ። ጎንደር ላይ ይህን ስናገር ሰው አስከትሎ የሚጠይቀኝ «ትዘፍኛለሽ?» ብሎ ነው። አልዘፍንም። «ትተውኛለሽ ታዲያ?» አልተውንም። አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ሊገድል ይሁን ሊያፈቅር የመጣው፣ አፉን ሳይከፍት ተመልካች እንዲያውቅበት የማደርገው እኔ ነኝ። የምሠራውም በወላጆቼ ጓሮ፣ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን በለጠፍኩት ክፍል ውስጥ ነው። የጎረቤት ዶሮ እንቁላል በጣለች ቁጥር ሥራ ይቆማል። ካርቶኑ የእሷ ዘመድ ስለሆነ መሰለኝ፣ ድምፅዋን አንድም ቀን አግዶልኝ አያውቅም።

ዳይሬክተሮቹ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ ነው የሚያዙኝ። የሚፈልጉት ነገር ደግሞ አንድ ነው፦ ዋሽንት። ልጅቷ ከሀብታም ቤት ስትባረር ዋሽንት፣ መኪና ሲገጫት ዋሽንት፣ የጠፋባት ትዝታ ሲመለስላት ዋሽንት። አንዱማ ባንክ ሲዘረፍም «ትንሽ ዋሽንት ጣል አድርጊበት» ብሎኛል። በመጀመሪያው ፊልሜ ስሜ የወጣው ከምግብ አቅራቢዋ ስም በታች ነበር። ምግቡ ጥሩ ነበር አሉ፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ሠርተዋል። ሒሳብ አያያዝ እንድማር ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ተምሬ ተመረቅኩ፣ ዲግሪውን ሳሎን ሰቀሉት፣ እኔም ጓሮ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በእድሩም፣ በሠርጉም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡም «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲባሉ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። መዘዙ ግን ለእኔ ተረፈ፤ ሰፈርተኛው የተበላሸ ፕሪንተሩን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣልኝ ጀመር። በሙዚቃ ያላገኘሁትን ክብር በፕሪንተር ጥገና አገኘሁ።

ሳቄ እዚህ ድረስ ነው። ይኼ ነገር ያመኝ ነበር። ሽልማት አልፈለግኩም፣ ሳሎን የሚሰቀል ነገርም አልፈለግኩም። አንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ አባቴ የምሠራውን በስሙ እንዲጠሩት ብቻ እፈልግ ነበር። ለምኜ የማስብለው ነገር ስላልሆነ አልለመንኳቸውም።

አንድ ጊዜ ሽማግሌ አስተማሪ የሚሞትበት ፊልም መጣልኝ። ለቅሶው ላይ ሙሾ የምታወርደው ተዋናይት ስታለቅስ የሳሙና ማስታወቂያ የምትሠራ ትመስላለች። እውነተኛ አልቃሽ እቀዳለሁ አልኩ። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በጠዳ ከተማ ስሟ የተጠራ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ አክስቴ የሞተች ጊዜ ሕዝቡን በእንባ ያራጨችው እሷ ናት። አባቴ ስለሚያውቋት አብረውኝ እንዲሄዱ ጠየቅኳቸው። ለምን እንደምሄድ በመንገድ ሁሉ አልጠየቁኝም፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።

ሴትዮዋ በጠላ ተቀበለችን። አባቴን «አያ ዶክተር» ትላቸዋለች፤ ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ጋውን ያደረገ ሁሉ ለእሷ ዶክተር ነው፣ እሳቸውም አርመዋት አያውቁም። የመጣሁበትን ነገርኳት። ማይኩን በጎሪጥ አየችው።

«በማን ላይ ነው የማወርደው?» አለች።

«በፊልሙ ላይ የሚሞት አስተማሪ አለ፣ እትዬ።»

«የማን ወገን ነው? አገሩ የት ነው?»

ስክሪፕቱን ገለጥኩ። አይልም።

«ሚስት? ልጅ?»

እሱንም አይልም።

«ምነው እንዲህ ባዶውን ገደላችሁት?» ብላ ሳቀች። «የሟቹን ታሪክ ሳልጠይቅ አፌን አልከፍትም። ደግሞስ ሬሳ የሌለው ሙሾ ሟርት አይደለም?»

ይኼኔ አባቴ ጠላቸውን አስቀመጡና «በእኔ ላይ አውርጂ» አሉ።

«ይቅር ይበልዎ! ምን ይላሉ?»

«አንድ ቀን ማውረድሽ መቼም አይቀር። ያን ጊዜ እኔ አልሰማ። አሁን ልስማው።»

ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ቢሆንም ዓይኗ በርቷል። እንደ ወጉ ስለ ሟቹ መጠየቅ ጀመረች። ሟቹም ራሳቸው መለሱ። የት እንደተወለዱ ነገሯት፣ አባታቸው እንዴት ያለ አራሽ እንደነበሩ ነገሯት፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለማንም ሰጥተው እንደማያውቁ ሁለት ጊዜ አስረግጠው ነገሯት። «ቁመናዎንስ ሸጋ ነበር ልበል?» ስትል ጥቂት አሰቡና «በይ፣ ማን ይከለክልሻል» አሏት። እኔ ሄድፎኔን አጥልቄ መቅዳት ጀመርኩ።

ድምፅዋን አወጣችው። እንዲህ ያለ ድምፅ በማይክ ውስጥ አልፎ ሰምቼ አላውቅም። ችግሩ፣ ማይክ ውስጥ ብቻ አልቀረም። ጠዳ ላይ የእሷ ድምፅ ከቤቷ ከወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጣራል፣ መጀመሪያ ይሮጣል። እኛ ሦስታችንም ይህን አሳምረን እያወቅን አንዳችንም አላሰብነውም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተበረገደ፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ግልብጥ ብለው ገቡ። «ወይኔ፣ ማን ነው? ማን ነው?»

«አያ ዶክተር ናቸው» አለች አልቃሿ፣ ዜማውን ሳትለቅ።

አያ ዶክተር ጣሳቸውን እንደያዙ ቀና ብለው «እንደምን ዋላችሁ?» አሉ።

የወረደው እርግማን ለፊልም አይሆንም። አንዲት አሮጊት ሲሮጡ ጫማቸው መንገድ ላይ እንደቀረ ተናግረው ካሳውን ማን እንደሚከፍል አጥብቀው ጠየቁ። ይቅርታ ለመንኩ፣ አባቴም ለመኑ፤ ነገሩ ሲገባቸው ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ አማተቡ። አንዴ መጥተናል አሉና ተቀመጡ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳያለቅስ አይመለስም። ጠላ ተቀዳላቸው፣ ሙሾውም ካቆመበት ቀጠለ፤ አሁን ተቀባይ ስላለው ይበልጥ አማረ።

አልቃሿ የአባቴን ሥራ አንስታ ጨርሳ ልጅ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ አባቴ ዘወር ብላ «ልጅዎትስ? ምን ትሠራለች ልበል?» አለች።

የሚመጣውን ስለማውቅ ቀድሜያቸው «ኮምፒውተር» ልል አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ እያየን ነው፤ ላግዛቸው ብዬ ነው።

«የፊልም ሙዚቃ ትደርሳለች» አሉ አባቴ።

«ትዘፍናለች?»

«አትዘፍንም። ቆይ ልንገርሽ። አንድ ፊልም አላት፤ እናትየዋ የሞተ ልጇን ጫማ ታጥባለች። ሙዚቃው ሲሄድ ቆይቶ እሷ ጫማውን ስታነሳ ቀጥ ይላል። ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። እዚያ ላይ ነው እኔ የማልችለው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ እዚያ ስደርስ አልችልም። ያን ዝምታ ያስገባችው እሷ ናት።»

ያንን ዝምታ ለማስቀረት ከዳይሬክተሩ ጋር ስንት ተጣልቻለሁ! ፊልሙ ከወጣ ወዲህ ማንም ሰው አንስቶልኝ አያውቅም ነበር። አባቴ ማየታቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። የት ሆነው፣ በማን ስልክ፣ መቼ እንዳዩት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

«እንግዲያ ይህንን ልበል?» አለች አልቃሿ፣ ቀስ ብላ።

«በይ» አሏት። «ጮክ ብለሽ በይ።»

አንገቷን አቀናች፦

«የስንቱን በሽተኛ ሕመም ያስታገሱ፣
የልጃቸው ዜማ ዝም ሲል አለቀሱ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሟቹ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሄድፎኑን አውልቄ፣ መቅጃውን እንዳለ ትቼ ተነሳሁ። ሴቶቹ ለሟች ልጅ እንደሚደረገው ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ።