አሥራ አራት ገጽ ያጠረ እጅጌ

ዙልሚራ ፊደል የቆጠረችው በስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት የተማሩት እጆቿ ብቻ ነበሩ። ክሩን በአንገቷ ዙሪያ አሳልፋ፣ በግራ አውራ ጣቷ ገፋ እያደረገች፣ እጇን ሳታይ ካልሲ መሥራትን ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ በሰባት ዓመቷ ለምዳዋለች። በመንደሯ በቫሌ ዳ ኡርዜ ሴቶቹ ሁሉ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። እጅ ሥራውን ያውቃል፤ ዓይን ነፃ ነው። አንዷ ድስቷን ታያለች፣ አንዷ የጎረቤቷን በር ትጠብቃለች። ዙልሚራ ግን ማንበብ ከቻለች ወዲህ ዓይኗን መጽሐፍ ላይ ጣለች።

መጽሐፉን ከዘይቱ ማሰሮ ጋር አስደግፋ፣ እንዳይዘጋባት ግራና ቀኙን በልብስ መቆንጠጫ ታሲዘዋለች። ሕጓ አጭር ነው፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ዙር። መርፌው ዞሮ ሲገጥም ገጹም ያልቃል፤ ትገልጣለች። ገጹ ከቀደመ ክሩን ትጠብቃለች፣ ክሩ ከቀደመ ገጹን ትጠብቃለች። ከዚህ የተነሳ ዙር መቁጠር ከተወች አምስት ዓመት ሆኗታል። የሹራቡ ወገብ ምን ያህል ይርዘም ብሎ የጠየቃት ሰው፣ «ባልቴቷ ርስቷን እስክታስመልስ ድረስ» የሚል ከያዘችው መጽሐፍ የተቀዳ መልስ ያገኛል።

ችግሩ ንባቡ ወደ እጇ መውረዱ ነው። ባለፈው ክረምት በሽተኞቹን ስለሚመርዝ ሐኪም ስታነብ የሠራችው ካልሲ እጅግ ጠብቆ፣ ለአማቿ የታሰበው ለልጅ ልጇ ሆነ። የፍቅር መጽሐፍ ስታነብ ደግሞ የሠራችው ቆብ ላልቶ ላልቶ ዱባ የሚያስገባ ሆነ። መጻሕፍቱን በመኪና ጭኖ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ የሚመጣው ቴልሙ ይህን ስለሚያውቅ፣ መጽሐፍ ከመስጠቱ በፊት ሥራዋን ይጠይቃታል።

«እሜቴ ዙልሚራ፣ ዛሬ ለካልሲ ነው ለሹራብ?»

«ለሹራብ ነው የኔ ልጅ። ደግ ሰዎች ያሉበት፣ ወፍራም ወፍራሙን ስጠኝ።»

በዚያ ዓቢይ ጾም ሦስት ሥራ ጀምራ ነበር። አንደኛው ግራጫ ካልሲ ነው፤ ጋዜጣ እያነበበች ስለጀመረችውና ጋዜጣ ደግሞ የት እንደሚያልቅ ስለማይታወቅ ተረከዙ ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ፖርቱ ከተማ ለምትኖረው የልጅ ልጇ የታሰበ ቢጫ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው፤ እሱን በግጥም ሞክራው ነበር፤ የግጥም ገጽ ግን ዓይን ሳያርፍበት ያልቅና መርፌውን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ሦስተኛውና ዋናው የኖርቤርቱ ቡናማ ሹራብ ነው።

ኖርቤርቱ የክርስትና ልጇ ነው። የክርስትና ልጅ በሆሳዕና ለክርስትና እናቱ አበባ ይዞ ይመጣል፤ እሷም በፋሲካ ፎላሩን፣ ያን እንቁላል ከነቅርፊቱ የተጋገረበትን ጣፋጭ ዳቦ፣ ከስጦታ ጋር ትሰጠዋለች። ይህም እስኪያገባ ድረስ ነው። ሚስት ካገባ በኋላ ስጦታው ይቀራል፤ ቤቱ የራሱ ነዋ። ኖርቤርቱ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሠርጉ ደግሞ ግንቦት ላይ ተቆርጧል። ዙልሚራ አውራ ጣት በምታህል ካልሲ የጀመረችው የሠላሳ አንድ ዓመት ስጦታ ዘንድሮ ያበቃል ማለት ነው። ለዚህ የመጨረሻው እንከን የማይወጣለት ሹራብ እንዲሆን ፈለገች።

እንከን የማይወጣለት ደግሞ በማን ፊት? የኖርቤርቱ እናት፣ አበልጇ ኤርሚኒያ፣ በሱፍ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የጨርቅ ጉድለት በጣቷ እየዳሰሰች ስትፈልግ የኖረች ሴት ናት። ሁለቱ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታሞች ናቸው። ኤርሚኒያ በልጅነቷ ሦስት ዓመት ተምራለች፤ የዙልሚራ ባል ፈረንሳይ አገር በነበረ ጊዜ ደብዳቤውን ሁሉ ያነበበችላት እሷ ነበረች።

የሹራቡ አካል አለቀ። እጅጌው የተጀመረው አዲስ መጽሐፍ ሲጀመር ነው። በንባብ ማኅበራቸው ያሉት ሰባቱም ሴቶች ያንኑ መጽሐፍ ይዘዋል፤ የአንድ ገጠር ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አባት፣ አሮጊት እናት፣ ከተማ የናፈቃት ሴት ልጅ፣ ንግሥት የምትባል በቅሎም አለችበት። የቀኙ እጅጌ ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች መቶ አሥር ገጽ ፈጀ። የግራው በመቶ አሥራ አንደኛው ገጽ ተጀመረ፤ በሁለት መቶ ሃያኛው እንዲያልቅ ሆኖ።

ገጽ መቶ ስድሳ ሁለት ግርጌ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ቆማ ጠበቀቻት፤ «በማግሥቱ ሥጋ ሻጩ ገመድ ይዞ ንግሥትን ሊወስድ መጣ።»

ዙልሚራ መርፌውን አስቀመጠች።

ዘግይቶ ፊደል ለቆጠረ ሰው በመጽሐፍ የተጻፈ ሁሉ ጎረቤት ቤት የሆነ ነገር ነው። ደግሞም የራሷ በቅሎ ነበረቻት፤ ካስታኛ። ባሏ ወገቡን በታመመበት ዓመት ገበያ ወስዳ የሸጠቻት ራሷ ናት። ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ወረቀት ዘረጋላት፣ ማንበብ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ልትጠይቀው ትችል ነበር፤ አልጠየቀችም። መልሱን ፈራችው። ልጓሟ ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

እናም ምዕራፉን እንዳለ ገለበጠችው፤ አሥራ አራት ገጽ። መቶ ሰባ ሰባት ላይ ሴት ልጅየዋ ከተማ ገብታ ነበር፤ ዙልሚራም እዚያው ቀጠለች። እስከ መጨረሻው ስለ በቅሎዋ አንድም ቃል አልተነሳም። «በቃ፣ ሞታለች» አለች በሆዷ።

ማክሰኞ ማኅበሩ ሲሰበሰብ አንዷ ሴት «የበቅሎዋስ ነገር!» ብላ ወሬ ስትጀምር፣ ዙልሚራ ሾርባ እሳት ላይ ረስቻለሁ ብላ ተነሣች። ከውጭ በመስኮት ዞር ብላ ስታይ ሴቶቹ ሁሉ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ምነው ባላየሁ ብላ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ሹር ከቀትር በኋላ ኤርሚኒያ ለፎላሩ እንቁላል በቅርጫት ይዛ መጣች።

«አበልጄ፣ አለሽ?»

«ከገባሽ በኋላ ነው እንዴ የሚጠየቀው?»

«እስቲ ያን ሹራብ ላየው። ነገ ሰው ፊት ከማፍር ዛሬ ብቻዬን ልፈር።»

«እጅሽን ታጠቢ መጀመሪያ!»

ኤርሚኒያ እጇን ታጥባ ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። አንገትጌውን ዳሰሰች፣ ወገቡን ዳሰሰች፣ አንድ ቃል አልወጣትም። ይህ ከእሷ ምስጋና ነው። ቀጥላ ሁለቱን እጅጌዎች ገጥማ ያዘች፤ ፊቷም ተለወጠ።

«አንቺ፣ ልጄን ክርስትና ስታነሺው አንድ እጁ አጭር ነበር እንዴ?»

«ምን ሆንሽ?»

«ሦስት ጣት! ነይ እይ፣ ሦስት ጣት ሙሉ! ይሄው ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ማን ሮጠ? ከሆሳዕና በፊት ጨርሼዋለሁ። እኩል ነው፤ መቶ አሥር ገጽ፣ መቶ አሥር ገጽ።»

ኤርሚኒያ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። «ሁሉንም ገጽ አንብበሻል?»

ዙልሚራ እንቁላሎቹን መቁጠር ጀመረች።

«ዙልሚራ!»

«ትንሽ ዘልያለሁ።»

«ስንት?»

«አሥራ አራት።»

«ሥጋ ሻጩ የመጣበትን?»

«አትንገሪኝ!» ዙልሚራ በሁለት እጇ ጆሮዋን ያዘች። «እኔ የዚያችን በቅሎ ሞት አላነብም። አንድ በቅሎ ይበቃኛል።»

የኤርሚኒያ ከንፈር ጥግ ተንቀጠቀጠ። ዙልሚራ አዘነችልኝ ብላ አሰበች።

«ታዲያ ያለ ንባብ ጨምሪበታ። እናቶቻችን ምን ያነቡ ነበር?»

ዙልሚራ የግራውን እጅጌ ጫፍ ተርትራ የክሩን ቀለበቶች መርፌ ላይ አነሣች፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ጀመረች። ሁለት ዙር ሄደች። ዓይኗ ሥራ ሲያጣ ከበሩ ጀርባ ወዳለው ልጓም ሄደ፣ እጇም ተከትሎት ላላ። ሦስተኛው ዙር ላይ ኤርሚኒያ ሥራውን ወደ ብርሃን አነሣችው።

«ይኼ ሹራብ ነው ወንፊት?»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። ሞተች ወይስ አልሞተችም? አንዷን ቃል ብቻ።»

«አልነግርሽም» አለች ኤርሚኒያ፣ ቅርጫቷን እያነሣች። «አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤሽን አንብቤልሻለሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል። አሁን ፊደል ቆጥረሻል፤ አንብቢው። ልጄን ደግሞ አንድ እጁ የበረደው ሙሽራ እንዳታደርጊብኝ!» በሩንም ዘግታ የራሷን ዱቄት ልታቦካ ሄደች።

ዙልሚራ ሦስቱን ዙር ተረተረች። አጥር ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ አስገባች፣ ዶሮዎቹን አየች፣ ንጹሑን ድስት እንደገና አጠበች። የምትሠራው ሲያልቅባት መጽሐፉን ከማሰሮው አስደግፋ ገጽ መቶ ስድሳ ሦስትን ገለጠች፤ ክሩን ባንገቷ አሳለፈች፤ ልክ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ገባችበት።

ሥጋ ሻጩ ገመዱን አሰረ። አባትየው ዞር ብሎ ቆመ፤ ሊያይ አልቻለም። «እኔም እንዲሁ ነበርሁ» አለች ዙልሚራ ድምፅ አውጥታ። ክሩ ጠበቀ። ንግሥት መንገድ ጀመረች፤ ዝም ብላ፣ እንደ ደግ ሴት። ሁለተኛው ዙር፣ ሦስተኛው ዙር። ወንዝ ደረሱ። ሥጋ ሻጩ ጫማው እንዳይርስበት አውልቆ በአንገቱ አንጠለጠለና በቅሎዋ ላይ ወጣ። ንግሥት እስከ መሐል ወንዙ ገባች። እዚያም ቁጭ አለች።

የዙልሚራ መርፌ ቆመ። «ቁጭ?» አለች።

አዎ፣ ቁጭ ብላለች፤ ልክ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው። ሥጋ ሻጩ ከነገመዱ ውኃ ውስጥ ገባ፣ ጫማው ወደ ታች ወረደ፣ ባርኔጣው ጫማውን ተከተለው። ንግሥት ተነሥታ፣ ውኃዋን አራግፋ፣ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ገጽ መቶ ሰባ ላይ ሥጋ ሻጩ በባዶ እግሩ እሾህ እየነቀለ ይከተላታል። ገጽ መቶ ሰባ አራት ላይ የቤተሰቡን በር አንኳኳ። ዓይኗ የደከመው አሮጊት እናት ከፍታ እርጥብና ጭቃማ ሰው ብታይ ለማኝ መሰላት፤ እጁን ይዛ አስገብታ አንድ ሳሕን የጎመን ሾርባ አስቀመጠችለት። «ብላ ልጄ» አለችው፤ «ስትጨርስ ለሟች ባሌ ነፍስ ጸልይልኝ።» ሰውየው ርቦት ስለነበር በላ። ከበላ በኋላ ደግሞ አፍሮ ጸለየ። ንግሥት በበረቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ታየው ነበር።

ዙልሚራ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በሆዷ፣ ኋላም ጠረጴዛው እስኪነቃነቅና ልቃቂቱ ተንከባሎ ምድጃው ሥር እስኪገባ ድረስ ሳቀች። በመስኮቱ ያየቻቸው ሴቶች ዓይናቸውን የጠረጉት ለካ ለዚህ ነው! መሐረብ አጥታ ዓይኗን በቡናማው እጅጌ ጠረገች። የካስታኛ ወረቀት ምን ይል እንደነበር ዛሬም አታውቅም፤ ወደፊትም አታውቅም። ነገር ግን ቀና ብላ ልጓሙን ስታየው፣ ካስታኛም ወንዝ መሐል ቁጭ ማለት የምትችል በቅሎ እንደነበረች ትዝ አላት፤ አንድ ጊዜ ቄሱን ይዛ ቁጭ ብላለች። ይህንን ስንት ዓመት ረስታው ኖራለች!

ከግድግዳው ማዶ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ኤርሚኒያ ናት። «ሰማሁሽ!» አለች በግድግዳው። «ገጽ ስንት ደረስሽ?»

«ዝም በይ አንቺ ክፉ! ሥራ ላይ ነኝ!»

በፋሲካ ጠዋት ደወሉ ሲደወል፣ ቄሱ መስቀሉን ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ሳለ፣ ኖርቤርቱ ከእናቱ ጋር መጣ። የክርስትና እናቱን እጅ ሳመ። ፎላሩን ተቀበለ። ቀጥሎ ሹራቡን አጠለቀና እጆቹን እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ዘርግቶ ቆመ። ከትከሻው እስከ ወገቡ ልክክ አለ።

ኤርሚኒያ መነጽሯን አወረደች። የቀኙን ጫፍ ዳሰሰች፣ የግራውን ዳሰሰች፣ ተመልሳ የቀኙን ዳሰሰች።

«ግራው ረዝሟል።»

«አልረዘመም!»

«በአንድ ዙር ረዝሟል። ሠላሳ ዓመት ለዚህ ነው ደመወዝ የበላሁት።»

ዙልሚራ ጥቂት አሰበችና ፊቷ ቀላ። «አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለች።

«የትኛውን?»

«ሾርባውን።»

ሁለቱም አሮጊቶች እኩል በሳቅ ፈነዱ። ኤርሚኒያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ኖርቤርቱ እጆቹን እንደዘረጋ አንዷን አንዷን ያያል። «ምኑ ነው ሾርባው? እኔ ልብሱን ላውልቅ ወይስ ልቁም?»

«እንዳታወልቅ!» አለች ዙልሚራ። «ማታ ያቺን ዙር እፈታታለሁ።»

ኖርቤርቱ የግራውን እጅጌ ጣቶቹ ድረስ ሳበና በጡጫው ውስጥ ጨበጠው። «አትፈቺም እማማ። ይቺ ዙር የዘንድሮ አይደለችም፤ የሚመጣው ዓመት ስጦታ ናት። ካገባሁ በኋላ የምትሰጪኝ።»

ዙልሚራ አፍንጫዋን ጠረገች፤ መጽሐፉን ከማሰሮው ሥር አነሣች፤ መቆንጠጫውን ፈታች።

«ቁጭ በል እንግዲያው» አለችው። «ኤርሚኒያ፣ አንቺም አፍሽን ያዢ፤ ዛሬ የማነበው እኔ ነኝ።» ጉሮሮዋንም ጠርጋ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ገጽ መቶ ሰባ አራትን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች።